በመስተዋት ገንዳ የሚኖሩ የሞቃት አገር ዓሣዎች ስለ ምን እንደሚታመሙና እንደሚሞቱ የሚመረመርበት መንገድ

በሆቴል አዳራሽ፥ በመሥሪያ ቤት የእንግዳ መቀበያ፥ በትምህርት ቤትና በሰው ቤት ውስጥ የሞቃት አገር ዓሣዎችን በመስተዋት ገንዳ ማኖር በትልልቆቹ የኢትዮጵያ ከተማዎች የታወቀ ነገር ሆኗል። እነዚህ ዓሣዎች ለዐይን ደስታ እንጂ ለመብል የሚሆኑ አይደሉም፤ ስለዚህም ሲታመሙና ሲሞቱ ነገሩን የእርሻ ጉዳይ አድርጎ የሚቈጥረው ሰው ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ባለቤቱ የሚጠይቀው ሰው ሲያጣ ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይመጣል፤ ባለሙያውም አብዛኛውን ጊዜ የተማረው ስለ ከብት፥ ስለ በግና ስለ ዶሮ ስለ ሆነ፥ ጥያቄው ሳይመለስ ከሹሙ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል።

ጥያቄው ግን ከአንድ ገንዳ የሚያልፍ ነው። በመጀመሪያ፥ ዓሣን በገንዳ ውስጥ የሚገድለው ነገር ገበሬው ቆሮሶ የሚያረባበትን ኩሬም የሚያጠፋ ነው፤ በትንሹ ገንዳ ምክንያቱን መርምሮ ማግኘትን የለመደ ባለሙያ በኩሬው አይሳሳትም። ሁለተኛም፥ የታመመው ዓሣና ውሃው ወደ ወንዝ የተጣለ እንደ ሆነ፥ በዚያ አገር ከቶ ያልነበረ ደዌ ወደ ሐይቅ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሹሙ አስቀድሞ ሊለይ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሞቱት ዓሣዎች በውሃው ክፋት ሞቱ ወይስ በሚተላለፍ ደዌ የሚለው ነው። ሁለቱ ሲምታቱ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። በውሃው ክፋት ለሚሞት ዓሣ መድኃኒት ቢያደርጉለት የተረፈውን ይገድለዋል፤ በደዌ የሞተውን ደግሞ «ውሃው ነው» ብለው ችላ ቢሉት ደዌው ይዛመታል።

ስለ ገንዳው ጠባይ

በሐይቅ የሚኖር ዓሣ የሚጥለው እዳሪ በብዙ ሺህ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ውስጥ ይጠፋል። በገንዳ ያለው ዓሣ ግን በመቶ ሊትር ወይም ከዚያ ባነሰ ውሃ ውስጥ ይበላል፤ ይተነፍሳል፤ እዳሪውንም በዚያው ይጥላል። ሰው በሩና መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከእሳትና ከጢስ ጋር ቢዘጋበት እንደሚሆነው ያለ ነው። ስለዚህ በገንዳ ውስጥ ዓሣን የሚያኖረው ባለቤቱ አይደለም፤ ውሃው ነው። ባለቤቱ የሚጠብቀው ውሃውን ነው።

ይህ ነገር ዛሬ ግልጽ ይምሰል እንጂ ለማወቅ ረጅም ጊዜ ወስዷል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር (ከዚህ በታች የሚጻፈው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) በ1849 ዓ.ም. ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ በለንደን ከተማ ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሣዎችን ከውሃ ውስጥ ተክል ጋር በመስተዋት ዕቃ አኖረ። ያረጀው የተክሉ ቅጠል እየበሰበሰ ውሃውን ቢያደፈርሰው፥ የበሰበሰውን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎችን ጨመረበት፤ ውሃውም ጠራ። ከዚህ በኋላ በ1853 ዓ.ም. የለንደኑ የአራዊት ማኖሪያ የመጀመሪያውን የሕዝብ የዓሣ ማሳያ ቤት ከፈተ። የዚያ ዘመን ሰዎች ተክሉ ለዓሣው ጥሩ አየር ስለሚመልስለት ነገሩ ሁሉ የተፈጸመ መስሏቸው ነበር። እውነታቸው ግማሽ ነበር። የቀረውን ግማሽ የገለጠው በኪየቭ የተወለደው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው፤ እርሱም በ1890 ዓ.ም. አሞንያን ለሕይወታቸው ኀይል እየተጠቀሙ የሚለውጡትን ባክቴሪያዎች ለይቶ አሳየ።

የነገሩ አካሄድ እንዲህ ነው። ዓሣ ከስንጥቡና ከእዳሪው አሞንያ ያወጣል፤ ሳይበላ የቀረ ምግብም ሲበሰብስ አሞንያ ይሆናል። አሞንያ ለዓሣ መርዝ ነው፤ ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያቃጥለዋል። በገንዳው ማጣሪያ፥ በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች ግን አሞንያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም ራሱ መርዝ ነው፤ ወደ ዓሣው ደም ገብቶ ደሙ ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ስንጥቡም ቀይ መሆኑ ቀርቶ ቡናማ መልክ ይይዛል። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ይህን ናይትራይት ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬትም ብዙ ካልተጠራቀመ በቀር እምብዛም አይጐዳም፤ ውሃውን በየሳምንቱ በከፊል በመለወጥ ይወገዳል። በ2015 ዓ.ም. ሁለቱንም ሥራ አንድ ወገን ባክቴሪያ ብቻውን ሊሠራው እንደሚችል ታወቀ፤ ይህም ከተገኘባቸው ስፍራዎች አንዱ የዓሣ ማርቢያ ማጣሪያ ነበር።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ የሉም። በቂ ሆነው እስኪበዙ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። ገንዳ ገዝቶ በማግሥቱ ሃያ ዓሣ የሚጨምርበት ሰው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ዓሣዎቹ አንድ በአንድ ሲሞቱ የሚያየው ስለዚህ ነው። ሻጩ የታመመ ዓሣ ሸጠልኝ ብሎ ይከሳል፤ ሻጩም አንተ አልያዝኸውም ይለዋል፤ ነገሩ ግን የሁለቱም አይደለም፤ ገንዳው ገና አልበሰለም።

የበሰለ ገንዳም ቢሆን በአንድ ቀን ሊበላሽ ይችላል። ለምሳሌ ያህል፥ ዓመቱን ሙሉ ያለ ችግር የኖረ የአንድ ሆቴል ገንዳ አለ እንበል። የበዓል ዋዜማ ነውና ገንዳው እንዲያምር ይፈለጋል፤ ሠራተኛውም በትጋት አሸዋውን አውጥቶ፥ ማጣሪያውን ከቧንቧ ውሃ ሥር አድርጎ እስኪነጣ ድረስ ያጥበዋል፤ ውሃውንም በሙሉ ይለውጣል። በበዓሉ ቀን ገንዳው እንደ ብርሌ ጠርቶ ይታያል። በሦስተኛው ቀን ግን ዓሣዎቹ ከላይ ተንሳፈው አፋቸውን ይከፍታሉ። ሠራተኛው ያጠበው እድፍ አልነበረም፤ የገንዳውን ነፍስ ነው ያጠበው። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ደነግጦ ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ገዝቶ ቢጨምር፥ የተረፉትን ጥቂት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይፈጅና ነገሩን ይፈጽመዋል። ማጣሪያ መታጠብ ያለበት ከራሱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ፥ ለብ ለብ ተደርጎ ነው።

አሞንያ በሁሉም ውሃ እኩል አይገድልም፤ ይህን በተለይ በስምጥ ሸለቆ ወረዳዎች ያሉ ሹማምንት ሊያውቁት ይገባል። የውሃ ጣዕም ኮምጣጣነቱና መራራነቱ ፒኤች በሚባል ልክ ይለካል፤ 7 መካከለኛው ነው። ውሃው 25 ዲግሪ ሙቀት ሲኖረው፥ በፒኤች 7 ላይ ካለው አሞንያ ሁሉ መርዛማ ሆኖ የሚገኘው ከመቶ አንድ እንኳን አይሞላም። በ8 ግን ከመቶ አምስት ያህል ይሆናል፤ በ9 ደግሞ ከመቶ ከሠላሳ ይበልጣል። በስምጥ ሸለቆ ከጕድጓድ የሚወጣው ውሃ ብዙ ጊዜ ከ8 በላይ ስለ ሆነ፥ በደጋ ከተማ ዓሣውን የማይጐዳው እድፍ በዚያ ይገድለዋል። መርዛማው አሞንያ በአንድ ሊትር ውሃ 0.05 ሚሊግራም ሲደርስ ስንጥብን መጕዳት ይጀምራል። ይህን የሚለካ ጠብታና የቀለም ሰሌዳ የያዘ ትንሽ ሣጥን ይሸጣል፤ ዋጋው ከአንድ ጊዜ ከንቱ መድኃኒት አይበልጥም፤ ገንዳ ያለው ሰው ሁሉ ከዓሣው አስቀድሞ ሊገዛው የሚገባ ነው።

ስለ አየርና ስለ ሙቀት

ደጋው ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ውሃ ከአየር የሚቀበለው ኦክሲጅን የቦታው ከፍታ በጨመረ መጠን ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ በአንድ ሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል፤ ከባሕር በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በአዲስ አበባ ግን ያው ውሃ የሚይዘው 6 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። በባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈ መጽሐፍ ለአንድ ገንዳ ሠላሳ ዓሣ ይበቃል ቢል፥ በደብረ ብርሃን ወይም በአዲስ አበባ ያለ ሰው ያን ቍጥር እንዳለ ሊቀበለው አይገባም። ዓሣ ማብዛት በደጋ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው።

በሌሊት ደግሞ ተክሎቹ ራሳቸው ኦክሲጅን ስለሚወስዱ ጎሕ ሲቀድ ውሃው ከቀኑ ሁሉ ይልቅ ኦክሲጅን ያንሰዋል። ማታ ደኅና የነበሩ ዓሣዎች ማለዳ ሞተው ቢገኙ፥ ከሞቱትም ትልልቆቹ ቢበዙ፥ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት የኦክሲጅን ማነስ ነው። ለኩሬም ነገሩ ይኸው ነው፤ ውሃው እጅግ አረንጓዴ የሆነ ኩሬ በደመና ቀን ማግሥት በማለዳ ዓሣውን ሊጨርስ ይችላል።

የመብራት መጥፋትም አለ። መብራት ሲጠፋ የአየር ፓምፑና ማጣሪያው ይቆማሉ፤ ማሞቂያውም ይቀዘቅዛል። በተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ለብዙ ሰዓት ያለሚፈስ ውሃ ከቆዩ ይሞታሉ፤ መብራቱ ሲመለስም ማጣሪያው የሞተውንና የበሰበሰውን ሁሉ መልሶ ወደ ገንዳው ይተፋዋል። ስለዚህ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ካደረ፥ ማጣሪያው ከመነሣቱ በፊት ከገንዳው በተቀዳ ውሃ መለቅለቅ አለበት። እስከዚያው ድረስ ከገንዳው ውሃ በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ዓሣውን ያቆየዋል፤ ሥራው አድካሚ ይምሰል እንጂ የብዙ ዓሣ ሕይወት ያድናል።

የሞቃት አገር ዓሣ አብዛኛው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል። የደጋ ክፍል በሌሊት ከዚህ እጅግ ዝቅ ስለሚል ማሞቂያ የሌለው ገንዳ በየሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ በየቀኑም ይሞቃል። ዓሣው በዚህ ወዲያው ባይሞትም ሰውነቱ ደዌን መቋቋም ይሳነዋል። በሞተው ዓሣ ላይ ደዌ ተገኘ ማለት ስለዚህ ነገሩን አይጨርሰውም፤ ደዌው ገዳይ ሲሆን በሩን የከፈተለት ብርዱ ሊሆን ይችላል። ቴርሞሜትሩ መታየት ያለበትም በቀትር ሳይሆን በማለዳ ነው።

ከውጭ ስለሚገባ መርዝ

የከተማ ቧንቧ ውሃ ሰው እንዳይታመም ክሎሪን ይጨመርበታል። ክሎሪን ለሰው በዚያ ልክ ባይጐዳም የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል፤ ጠቃሚዎቹንም ባክቴሪያዎች ይገድላል። ክሎሪን ብቻ የገባበት ውሃ በሰፊ ዕቃ ተከፍቶ አንድ ቀንና ሌሊት ቢያድር ክሎሪኑ ይለቅቀዋል፤ የአየር ፓምፕ ቢገባበት ደግሞ ይፈጥናል። ክሎራሚን የሚባለው ግን እንዲህ በቶሎ አይለቅምና ለዚሁ የተዘጋጀ ማፍረሻ ይፈልጋል። የውሃው መሥሪያ ቤት መሥመር ካጠበ በኋላ ከወትሮው የበለጠ ክሎሪን ሊኖር ስለሚችል፥ መርማሪው በዚያ ሳምንት ውሃው ተቋርጦ እንደ ነበረ መጠየቁን አይርሳ።

ከክሎሪን ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የትንኝና የዝንብ መግደያ ነው። በቤት ውስጥ ከሚረጩት ብዙዎቹ ፓይሬትሮይድ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ይህም ለሰውና ለከብት እምብዛም የማይጐዳ ሲሆን ለዓሣ እጅግ ኃይለኛ መርዝ ነው። ክዳን በሌለው ገንዳ አጠገብ ቢረጩት፥ ወይም የአየር ፓምፑ ከዚያው ክፍል አየር እየሳበ ወደ ውሃው ቢያስገባው፥ ዓሣዎቹ እየተንቀጠቀጡና እየተገለበጡ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያልቃሉ። በመሥሪያ ቤት የሚረጨው ብዙውን ጊዜ በሳምንቱ መጨረሻ ስለ ሆነ፥ ዓሣው ሰኞ ማለዳ ሞቶ ይገኛል፤ ከመርጨቱም ጋር የሚያገናኘው ሰው አይገኝም። ሳሙና የነካው ባልዲ፥ መዳብ ያለበት መድኃኒት፥ እንግዳ የሚወረውረው የዳቦና የእንጀራ ፍርፋሪም ከዚሁ ጋር ይቈጠራሉ።

አመራመሩ እንዴት እንደሚጀመር

ገንዳው ፊት የቆመ ባለሙያ አስቀድሞ ዓሣውን መንካት የለበትም፤ ሰዓቱንና ቍጥሩን ይጠይቅ። ሁሉም ወገን ዓሣ በአንድ ሌሊት ወይም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሞተ፥ ነገሩ የመርዝ ወይም የኦክሲጅን ነው፤ ደዌ በዚህ ዓይነት ሁሉን ባንድነት አያጭድም። በየቀኑ አንድ ሁለት እየሞተ፥ የሞቱትም ከመሞታቸው በፊት ምልክት ካሳዩ፥ ያን ጊዜ ደዌ ይጠረጠራል። አንድ ወገን ብቻ ሞቶ ሌላው ደኅና ከሆነ፥ ያ ወገን የሚስማማው ውሃ ይህ እንደ ሆነ ይመርመር። ኒዮን ቴትራ የሚባለው ከአማዞን አገር የመጣ ትንሽ ዓሣ ለስላሳና ኮምጠጥ ያለ ውሃ ይወዳል፤ ከታንጋኒካና ከማላዊ ሐይቅ የሚመጡት ግን ማዕድን የበዛበትን መራራ ውሃ ይፈልጋሉ። ሁለቱን በአንድ ገንዳ ያኖረ ሰው ከሁለቱ አንዱን ሲያሠቃይ ይኖራል። የሞቱት በዚያ ሳምንት የተገዙት ብቻ ከሆኑም መንገዱና የውሃው ድንገተኛ ለውጥ ይጠረጠራል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚጠየቀው ባለፉት አሥር ቀኖች ምን ተለወጠ የሚለው ነው። አዲስ ዓሣ ገብቷል? ማጣሪያ ታጥቧል? መብራት ጠፍቷል? ተረጭቷል? ምግብ የሚሰጠው ሰው ተለውጧል? ባለቤቱ «ምንም አልተለወጠም» ማለቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ጥያቄው ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለጽዳት ሠራተኛውና ለዘበኛውም ይቅረብ። እውነቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከእነርሱ ዘንድ ነው። እንደሚወቀሱ ከፈሩ ግን አይናገሩም፤ ጠያቂው ቅጣት ፈላጊ መስሎ አይታይ።

ከዚያም ውሃው ይለካ፤ ሙቀቱ፥ ፒኤቹ፥ አሞንያውና ናይትራይቱ። አሞንያ ወይም ናይትራይት ከተገኘ፥ ሌላ ነገር ቢጠረጠር እንኳን መጀመሪያ የሚደረገው የገንዳውን ውሃ ሩብ ወይም ሲሦ፥ ክሎሪን በሌለውና ሙቀቱ በተስማማ ውሃ መለወጥ፥ ምግቡን ለሁለት ሦስት ቀን መተው፥ አየሩንም ማብዛት ነው። ይህ ሥራ በየትኛውም ደዌ ላይ ጉዳት የለውም፤ መድኃኒት ግን እንዲህ አይባልለትም።

ውሃው ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ

ውሃው ተለክቶ ነቀፋ ካልተገኘበት፥ ያን ጊዜ ዐይን ወደ ዓሣው ይመለስ። በገንዳ ዓሣ ላይ በብዛት የሚታየው የነጭ ነጥብ ደዌ ነው፤ የሚያመጣውም ኢክትዮፍትርዩስ የሚባል አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ጥገኛ ነፍሳት ነው። በዓሣው ቆዳና ክንፍ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል፤ ዓሣውም ገላውን በድንጋይ ያካል። የዚህን ነፍሳት አኗኗር ያላወቀ ሰው በመድኃኒት ሊያሸንፈው አይችልም። ነፍሳቱ ከዓሣው ቆዳ ሥር ገብቶ ይመገባል፤ ሲጠግብም ቆዳውን ቀዶ ይወጣና ከገንዳው ወለል ላይ ተጣብቆ ሽፋን ይሠራል፤ በሽፋኑም ውስጥ ራሱን እየከፈለ እስከ ሺህ ይደርሳል። እነዚህ ልጆቹ ወጥተው በውሃው ውስጥ ይዋኛሉ፤ በሁለት ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። መድኃኒት የሚገድላቸው በዚህ በሚዋኙበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከቆዳ ሥር ያለውንም በሽፋን ያለውንም አይነካውም።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱን በጨመረ በሦስተኛው ቀን ነጥቦቹ ከዓሣው ላይ ይጠፋሉ፤ ዳነ ብሎ ያቆማል። ነጥቡ የጠፋው ግን ነፍሳቱ ሊዋለድ ስለ ወረደ ነው፤ በሳምንቱ በብዙ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። ውሃው 25 ዲግሪ ሲሆን ይህ ዙር ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ግን ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ገንዳውን እንዲሞቅ አድርጎ መድኃኒቱን እንደ መመሪያው እየደጋገሙ ሁለት ሳምንት ያህል መቀጠል ያስፈልጋል። ሙቀቱን እስከ 30 ዲግሪ ከፍ ማድረግ መዋለዱን እንደሚያግደው የታወቀ ነው፤ ሆኖም ሞቃት ውሃ ኦክሲጅን ያንሰዋልና በደጋ አገር ይህን የሚያደርግ ሰው የአየር ፓምፑን አስቀድሞ ያጠንክር።

ሌላው ኮለምናሪስ የሚባለው ነው፤ በአሜሪካ አገር በ1922 ዓ.ም. ተጽፎ ታወቀ። በአፍና በጀርባ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ስለሚያወጣ ሻጋታ ነው ይሉታል፤ እርሱ ግን ባክቴሪያ ነው፤ የሻጋታ መድኃኒትም አያድነውም። ዓሣ በተጨናነቀበትና ሞቃት በሆነ ውሃ እጅግ ይፈጥናል፤ ስንጥቡን ከያዘው በአንድ ሁለት ቀን ሊገድል ይችላል። ሻጋታውንና እርሱን በእርግጥ የሚለየው ማይክሮስኮፕ ነው፤ በሁሉም የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ያለ መሣሪያ ስለ ሆነ፥ ከቆዳውና ከስንጥቡ ጥቂት ፈግፍጎ በመስተዋት ላይ ማየት ለባለሙያው አዲስ ሥራ አይደለም።

እየከሳ፥ ሆዱ እየገባ፥ አከርካሪው እየጐበጠ በወራት ውስጥ የሚሞት ዓሣ ሲኖር ለሰውም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1926 ዓ.ም. በፊላደልፊያ የዓሣ ማሳያ ቤት ከሞቱ ዓሣዎች ላይ የተገኘው ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሳንባ ነቀርሳን ከሚያመጣው ባክቴሪያ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው፤ በሰው እጅ ላይ ባለ ቍስል ከገባም ለወራት የማይድን እብጠት ያወጣል። በሰው ላይ መድኃኒት አለው፤ ሐኪሙ እንዲጠረጥረው ግን ታማሚው ዓሣ እንደሚያኖር መናገር አለበት። ቍስል ያለበት እጅ ያለ ጓንት ወደ ገንዳ አይግባ።

ስለ መድኃኒት አንድ እውነተኛ ታሪክ ይበቃል። በ2015 ዓ.ም. በአሜሪካ በቴክሳስ፥ በኮርፐስ ክሪስቲ ከተማ በሚገኝ ትልቅ የሕዝብ የዓሣ ማሳያ ቤት፥ የዓሣ ጥገኛ ለመግደል በታወቀ መድኃኒት ሕክምና ተደረገ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ አራት መቶ የሚጠጉ ዓሣዎች አለቁ። የቀረው መድኃኒት በላቦራቶሪ ሲመረመር፥ በዕቃው ላይ የተጻፈው ስም አንድ ሆኖ በውስጡ የነበረው ግን ሃይድሮኪኖን የሚባል፥ በፎቶግራፍ ሥራ የሚያገለግል ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። የዚያ ቤት ሠራተኞች ሙያቸው ዓሣ ነበር። ስለዚህ ስሙና ልኩ ያልተጻፈበት ዱቄት በላስቲክ ተቋጥሮ ሲሸጥ ያየ ሹም ሊከለክለው ይገባል፤ ትክክለኛ መድኃኒትም ቢሆን አስቀድሞ በአንድ ወይም በሁለት ዓሣ በሌላ ዕቃ ይሞከር፤ የዕቃውም ጥቂት ለምስክር ይቀመጥ።

ስለ ሞተው ዓሣና ስለ ውሃው

ለሹሙ ከሁሉ የሚከብደው ኀላፊነት እዚህ ላይ ነው። በ1974 ዓ.ም. ከጃፓን ወደ አውስትራሊያ በገቡ ወርቃማ ዓሣዎች የቍስል ደዌ ወደ ቪክቶሪያ አገር ገባ። በዚያው በቪክቶሪያ በ2003 ዓ.ም. ለመብል የሚረባው መሪ ኮድ የሚባል የአገሩ ዓሣ ጫጩቶች በቫይረስ አለቁ፤ በአንዱ ማርቢያ ከመቶ ዘጠና ያህሉ ሞቱ። ቫይረሱ ሲመረመር፥ ከእስያ በሚመጣ ድዋርፍ ጉራሚ በሚባል ትንሽ የገንዳ ዓሣ ላይ ከተገኘው ጋር ፈጽሞ አንድ ለመሆን ምንም ያህል አልቀረውም። ይህን የሰማ የጣና ዙሪያ ሹም ነገሩን የሩቅ አገር ወሬ አድርጎ ሊያልፈው አይችልም፤ በጣና ያሉት አሥራ አምስት ያህል ወገን ታላላቅ ባርበስ በሌላ የዓለም ሐይቅ አይገኙምና፥ አንድ ጊዜ ቢጠፉ ከየትም አይመጡም።

ስለዚህ ባለቤቱ የሰለቸውን ዓሣ፥ በሕይወት ያለም ቢሆን፥ ወደ ወንዝ፥ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ መስኖ ቦይ እንዲለቅ አይፈቀድለት። «ነፍስ ነው፥ ይኑር» ማለቱ የደግ ሰው ቃል ነው፤ ነገር ግን ለሻጩ ይመልሰው ወይም ለሌላ ባለ ገንዳ ይስጠው። የሞተው ከውሃ ርቆ በጥልቅ ይቀበር፤ ውሻና ወፍ እንዳያወጣው አመድ ወይም ኖራ ይነስነስበት። የገንዳው ውሃ ወደ ቦይ አይፍሰስ፤ በክሎሪን አንድ ቀን አድሮ ከወንዝ በራቀ ደረቅ መሬት ላይ ይፍሰስ። መረቡና ባልዲው በሌላ ገንዳ ከማገልገላቸው በፊት ታጥበው በፀሐይ ፈጽመው ይድረቁ። አዲስ የሚገዛ ዓሣ ደግሞ ወደ ትልቁ ገንዳ ከመግባቱ በፊት ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

ምክንያቱ በቦታው ካልታወቀ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ። ሞቶ ሰዓታት ያለፈው ዓሣ በሞቃት ውሃ ውስጥ ስለሚበሰብስ ለምርመራ አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ታሞ ገና በሕይወት ያለው ነው። እርሱም ከገንዳው ውሃ ግማሽ በያዘና የቀረው በአየር በተሞላ ላስቲክ፥ ከብርሃን ተከልሎ ይሂድ። አሁን የሞተ ቢሆን ግን በላስቲክ ሆኖ በበረዶ መካከል ይቀመጥ እንጂ ራሱ እንዲረጋ አይደረግ። አንድ ሊትር የገንዳ ውሃም በንጹሕ ጠርሙስ፥ አየር እንዳይገባበት እስከ አፉ ተሞልቶ አብሮ ይላክ። በወረቀቱ ላይ የገንዳው ልክ በሊትር፥ የዓሣው ወገንና ቍጥር፥ ስንቱ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደ ሞተ፥ የማለዳው ሙቀት፥ በአሥሩ ቀን የተለወጠው ነገር፥ የተጨመረውም መድኃኒት ስምና ልክ ይጻፍ። መድኃኒት ተጨምሮ ሳለ አልተጨመረም ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ ላቦራቶሪው የሚያየው የመድኃኒቱን ሥራ እንጂ የደዌውን አይሆንም።